ክርክር፦ የሞተር ጀልባ ተወዳዳሪው የጋር ዉድ (Gar Wood) ወገን በ1931 ዲትሮይት ላይ ያገኘው ድል ይገባው ነበር?

ሰብሳቢ፦ ዓመታቱ ሁሉ እ.አ.አ. ናቸው። በ1931 ዲትሮይት ወንዝ ላይ በተደረገው የሃርምስዎርዝ ዋንጫ (የአገሮች የሞተር ጀልባ) ውድድር የመጀመሪያውን ዙር የብሪታንያው ኬይ ዶን በ«ሚስ ኢንግላንድ 2» አሸነፈ። በሁለተኛው ዙር ዶንም አሜሪካዊው ጋር ዉድም ከመነሻው ተኩስ ቀድመው መስመሩን በማለፋቸው ተሰረዙ፤ የዶን ጀልባም መታጠፊያው ላይ ተገለበጠች። ዋንጫውን «ሚስ አሜሪካ 8»ን የነዳው የዉድ ወንድም ጆርጅ ወሰደው። ዉድ ቀድሞ የተነሳው ዶን ተከትሎት እንዲሰረዝ ሆን ብሎ ነው?

ቀዛፊው፦ ሆን ብሎ ነው! በጊዜው ሕግ ከአምስት ሰከንድ በላይ የቀደመ ይሰረዝ ነበር። ዉድ የቀደመው ወደ አስር ሰከንድ ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በሰከንድ 44 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ መድፉ ሲተኮስ ከ400 ሜትር በላይ አልፏል ማለት ነው። ከ1917 እስከ 1921 በተከታታይ አምስት ጊዜ ጎልድ ካፕን፣ የአሜሪካን የሞተር ጀልባ ዋንጫ፣ የወሰደ ሰው እንዲህ አይሳሳትም።

ሞተሪስት፦ ወንድሜ፣ አነሳሱን አስበው እንጂ። እነዚህ ጀልባዎች ቆመው አይነሱም፤ ከመስመሩ ኋላ ዞረው፣ ሰዓት እያዩ፣ በሙሉ ፍጥነት ነው የሚገቡት። ቀፎው፣ ማለትም የጀልባው አካል፣ ከሥሩ ደረጃ አለው፤ ፍጥነት ሲያገኝ በዚያ ደረጃ ላይ ተነስቶ ውሃውን እምብዛም ሳይነካ ይንሸራተታል። ጋዙን ከለቀቅክ ሆዱ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ለማንሳት ብዙ ርቀት ይፈጃል። ለውድድር የተዘጋጀ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ከቆየ ደግሞ ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) በጥላሸት ይሸፈንና ሲሊንደሮች መሳት ይጀምራሉ። ቀድሞ የደረሰ ነጂ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። በዚያ ላይ ዉድ የነዳጅ ታንክ ለመጠገን ጊዜ ጠይቆ ተከልክሎ ነበር፤ ተቻኩሎ ነው የመጣው።

ቀዛፊው፦ የተቻኮለማ ይዘገያል እንጂ አስር ሰከንድ አይቀድምም።

ሕግ አዋቂ፦ የሁለታችሁም ክርክር የዉድን ልብ ለማወቅ ነው፤ ሕጉን ግን ማንም አላነሳም። አንድ አገር እስከ ሦስት ጀልባ ማሰለፍ ይችል ነበር። አንዱ ተሰርዞ ሌላው ዋንጫውን የሚያስቀርበት ቀዳዳ የነበረው እዚህ ላይ ነው። ዶን አንድ ጀልባ ብቻ ይዞ መጣ። የራሱ ሰዓት እያለው ደግሞ የዉድን ጅራት ተከትሎ በሰባት ሰከንድ ቀደመ። ማን አስገደደው?

ቀዛፊው፦ የዉድ ማዕበል ነው የገለበጠው!

ሞተሪስት፦ እሱ ያስኬዳል። በደረጃው የሚንሸራተት ቀፎ ውሃ የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ እየታጠፈ ከፊቱ ያለውን ማዕበል ሲያቋርጥ አንዱ ጎን ይነሳል፣ ሌላው ጠርዝ ይነክሳል። ከኋላ የሚነዳ ሰው ግን ሰፋ አድርጎ መታጠፍ ነበረበት።

ሕግ አዋቂ፦ ዉድ ፍጥነት አልነበረውም የሚል ካለ ደግሞ 1932ን ይመልከት። የዉድ «ሚስ አሜሪካ 10» በአራት የፓካርድ ሞተሮች በሰዓት 124.86 ማይል ሄደች፤ 200 ኪሎ ሜትር አለፈ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዶን በ«ሚስ ኢንግላንድ 3» ተመልሶ መጥቶ ዋንጫውን አላገኘም።

ቀዛፊው፦ የ1932 ድል የ1932 ነው። የ1931ዱን ዙር ግን ዳኞቹ እንደገና ማስነሳት ነበረባቸው።