«የገበሬ ሃይማኖት» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለ ደንገሉ፦
ማታ ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ቡና ስንጠጣ፣ እዚሁ ግሩፓችን ውስጥ ያለ አንድ ወንድማችን (ራሱን ያውቃል) ምን አለ መሰላችሁ፦ «ሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት ተገኘ የተባለ ዕለት ይሄ የገበሬ ሃይማኖታችሁ አንድ ሳምንት አይቆይም።» ሳልመልስለት ተነሥቼ ሄድኩ፤ እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ። ጥያቄ መጠየቅ ያባት ነው። «የገበሬ» ማለት ግን ምን ማለት ነው?

ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ፦
ራሴን አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ። ግማሹን ቆርጠህ ነው ያመጣኸው እንጂ። ያልኩት እንዲህ ነው፦ ሚያዝያ 2017 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከኛ ፀሐይ ውጭ ያለችውን ኬ2-18ቢ የምትባለዋን ፕላኔት አይተው፣ ከባቢ አየሯ ውስጥ ዳይሜቲል ሰልፋይድ ሳይኖር አይቀርም አሉ። ይሄ ጋዝ እዚህ ምድር ላይ በአብዛኛው የሚወጣው ባሕር ውስጥ ካሉ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ነው። ነገ ቢረጋገጥ፣ ሁሉን ነገር ከአዳም የሚጀምር ትምህርት ምን ሊል ነው?

ባጃጁ፦
ውኃ ላይ የሚበቅል ነገር ከሆነ የሚፈልጉት፣ ጣና ላይ እንቦጭ ሞልቷል። መጥተው ይጫኑ።

ዘጌው፦
የገበሬ?! እኛ ጋ፣ ጣና ዳር ዘጌ ላይ እኮ በሬ አይጠመድም! አቡነ በትረ ማርያም ከገዘቱ ጀምሮ ማረስ ክልክል ነው፤ ቡና ለቅመን፣ ጌሾ ሸጠን ነው የኖርነው። ሃይማኖቱም እዚያው ጫካ ውስጥ ነው ያለው። እስቲ የትኛውን ገበሬ እንደሆነ ንገረና።

ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ፦
ዘይቤ ነው ወንድሜ።

ዘጌው፦
«ሁለት መጽሐፍ አንብቦ ሰማይ የጠበበው» የሚለውም ዘይቤ ነው።

እኅተ ማርያም፦
ገበሬ ስድብ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አባቴ አዴት ገበሬ ነው። የሱን ጤፍ በልታችሁ ነው ማታ ሐይቅ ዳር የምትፈላሰፉት። እሱ ሌሊት ደጅ ወጥቶ ኮከብ አይቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግራችኋል፤ እናንተ ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ ሌሊቱና ቀኑ ይጠፋባችኋል።

የዓባይ ማዶ፦
ገበሬውን ተዉትና ጥያቄውን መልሱ። ናሳ እኮ 24 የሃይማኖት ሊቃውንት ቀጥሮ ሕዝቡን እያዘጋጀ ነው። ዝም ብለው ነው?

ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ፦
ኧረ ባክህ፣ በኔ ወገን ሆነህ አታሳፍረኝ። ናሳ ሊቃውንት አልቀጠረም። በፈረንጆቹ 2014 ፕሪንስተን ላለ የነገረ መለኮት ጥናት ማዕከል 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጋፍ ሰጠ፤ 24ቱ ማዕከሉ ለጥናቱ የጋበዛቸው ናቸው። ወሬው ተጋኖ የተነዛው ከዓመታት በኋላ፣ 2021 መጨረሻ ላይ ነው።

የዓባይ ማዶ፦
ገንዘቡ የማን ነው? የናሳ። በቃ ያው ነው።

ባለ ደንገሉ፦
ጥናት ካላችሁ እኔም አለኝ። ቴድ ፒተርስ የሚባል አሜሪካዊ የነገረ መለኮት ምሁር በፈረንጆቹ 2008 ላይ ከ1300 የሚበልጡ የተለያየ እምነት ያላቸውንና የሌላቸውን ሰዎች ጠይቆ ነበር። አብዛኛው አማኝ «የኔ እምነት አይናጋም» አለ። ይናጋል ያለው የጎረቤቱን ነው! ሃይማኖት የሌላቸው ደግሞ የሃይማኖተኞቹ ይናጋል አሉ። እንግዲህ ፊዚክስ፣ ያንተስ የየትኛው ነው?

ደግሞ «አንድ ሳምንት» ብለሃል። ፕላኔቷ 124 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፣ ብርሃን እንኳ የሚደርስባት በ124 ዓመት ነው ያልከኝ ራስህ ነህ። «እንደምን አደራችሁ» ብንል መልሱ የሚደርሰው ከ248 ዓመት በኋላ ነው። በዘመነ መሳፍንት የላክነው ሰላምታ ገና ዘንድሮ መመለሱ ነው። ሳምንቱን ከየት አመጣኸው?

ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ፦
ሳምንቱን ልተወው። ግኝቱንም ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና አስልተው አልተቀበሉትም፣ አልደብቅም። ግን እስካሁን ከ6000 በላይ ፕላኔቶች ከኛ ፀሐይ ውጭ ተረጋግጠዋል። ሁሉም ባዶ ነው ብላችሁ ነው የምትወራረዱት? የቫቲካን የሥነ ፈለክ መርማሪ አባ ፉነስ እንኳ በፈረንጆቹ 2008 ላይ «ከሌላ ዓለም ያለው ፍጥረት ወንድማችን ነው» ብለው ተገላገሉ። ምናልባት ከመቶው በግ የጠፋነው እኛ ነን፣ ሌሎቹ አልጠፉም ይሆናል አሉ። የናንተዎቹስ ምን አሉ?

ዘጌው፦
ደግሞ ከሮም ልንማር? ሱስንዮስ ያስፈጀውን ሕዝብ ረሳኸው?

ባጃጁ፦
አንተ ራስህ ጎርጎራ የሮም ሚስዮናውያኑን የኢየሱሳውያንን ፍርስራሽ በጀልባ ስታስጎበኝ አይደል የምትውል? ብሩ ሲሆን ሮም አይሸትም።

ዘጌው፦
ማስጎብኘትና ማመን ይለያያል። አንተም ሰካራም ትጭናለህ፣ ትሰክራለህ ማለት ነው?

የኔታ፦
ልጆቼ፣ ከማኅሌት ወጥቼ ገና አሁን አየሁት። ስለ ገበሬው ልጂቱ መልሳለች፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አኩፋዳ ይዤ ቁራሽ የለመንኩትም ከገበሬ ደጅ ነው።

ሌላ ፍጥረት አለ ብትሉን አንደነግጥም። መላእክት ከአዳም አልተወለዱም፣ ከአዳም በፊት ነበሩ። መቶ ነገድ ነበሩ፣ አንዱ ከነአለቃው ወደቀ ብለን እናስተምራለን። ያ የሮሙ ካህን እንደ አዲስ የተናገረውን በግ፣ የኛ ሊቃውንት «99ኙ መላእክት፣ የጠፋው አንዱ አዳም» ብለው ሲተረጉሙት ኖረዋል።

የሚከብደው ሌላ ነው፣ እሱን ማንም አላነሣውም። «ወውእቱ ቃል ሥጋ ኮነ» ይላል፤ ያም ቃል ሥጋ ሆነ ማለት ነው። የማንን ሥጋ? የእመቤታችንን። ስንት ጊዜ? አንድ ጊዜ። እዚያ ያሉት ልብ ያላቸው ሆነው ቢበድሉ፣ የኛን ሥጋ ለብሶ የተከፈለው ለእነሱ ይሆናል? ወይስ ያልበደሉ ናቸው? በዚህ አገር በቅባትና በተዋሕዶ ትምህርት ስንት ዘመን የተጣላነው በዚህችው ቃል ዙሪያ ነው። የምትከራከሩ ከሆነ በዚህ ተከራከሩ።

የዓባይ ማዶ፦
የኔታ፣ ዮሐንስ 10፥16 «ከዚህም በረት ያልሆኑ ሌሎች በጎች አሉኝ» ይል የለም እንዴ? አለቀ!

የኔታ፦
አሕዛብ ናቸው። አንተና እኔ ማለት ነው።

የዓባይ ማዶ፦
እሺ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ 200ው መላእክት ሄርሞን ተራራ ላይ የወረዱትስ? በምን ወረዱ?

የኔታ፦
ደቂቀ ሴት፣ የአዳም ልጅ የሴት ልጆች ናቸው ብለው አባቶች ተርጉመውታል። ከደብር ቅዱስ፣ ከቅዱሱ ተራራ ነው የወረዱት፣ በእግራቸው።

ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ፦
የኔታ፣ ማታ ልጠይቅ የፈለግሁት ይሄንኑ «አንድ ጊዜ» የሚለውን ነበር። እርስዎ እንዳሉት ማለት አልቻልኩም እንጂ።

ባለ ደንገሉ፦
አይ፣ አይ! ማታ ያልከው «የገበሬ» ነው። አሁን በየኔታ ጥላ ሥር አትግባ።

እኅተ ማርያም፦
ይቅርታ ይጠይቅ።

ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ፦
ለአባትሽ ይቅርታ። ለባለ ደንገሉ አልጠይቅም፣ ሲያርስ አላየሁትም።

ባጃጁ፦
ስለ ማረስ ካነሣችሁ፣ ቅዳሜ ዘጌ፣ አፋፍ የሚባለው ቦታ ሰው አድርሼ ጥማድ በሬ አይቻለሁ። ዘጌ አይታረስም ያለው ማን ነበር?

ዘጌው፦
አፋፍ ገበያው ነው! ለሽያጭ የመጣ በሬ ነው ያየኸው።

ባጃጁ፦
ቀንበር ጭምር ነው የሚሸጠው?

ዘጌው፦
ፎቶ ላክ።