የደጋ ሰው ደም በእርግጥ የወፈረ ነው? ሕዋስ የኦክስጅንን ማነስ ስለሚያውቅበት መንገድ ከመሐል ሜዳ የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ፦ የመንዝ መምህር (መሐል ሜዳ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ስለ ደም በማስተምርበት ጊዜ፣ ሰው ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነቱ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት በማምረት ጉድለቱን ያካክሳል ብዬ አስረዳለሁ። በቅርቡ አንዲት ተማሪ፣ «እንግዲያው ከ3,000 ሜትር በላይ ተወልደን ያደግን እኛ ደማችን ከሸዋ ሮቢት ልጆች ደም የወፈረ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ቆላ የሚኖር ዘመድ ስላላቸውና ከጣርማ በር ወደ ታች ወርደው መመለስን ስለለመዱት፣ ጥያቄው የመላው ክፍል ጥያቄ ሆነ።

ስለ አንዲስና ስለ ቲቤት ሰዎች የተጻፈ አግኝቻለሁ፤ ስለ እኛ ደጋ ግን በአማርኛ የተጻፈ ምንም አላገኘሁም። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አንድ ሕዋስ ኦክስጅን ማነሱን በምን ያውቃል? ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ምን አሳዩ? ለተማሪዎቼ ያልተረጋገጠ ነገር መንገር ስለማልፈልግ፣ በጥናት የተደገፈውን ብቻ ብትጽፉልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ የሕዋስ ሥነ ሕይወት ተማሪ (ደብረ ብርሃን)

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ ያነሣችው ጥያቄ ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በላይ የደከሙበት ነው፤ አጭሩ መልስም «የግድ አይደለም» የሚል ነው። ሆኖም የሕዋሱ አሠራር ካልቀደመ የደጋው ነገር ግልጽ ስለማይሆን ከእርሱ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በሕዋሶቻችን ውስጥ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይመረታል። ኦክስጅን በበቂ መጠን ሲኖር ፒኤችዲ2 የተባለ ኢንዛይም ያንኑ ኦክስጅን ተጠቅሞ፣ በሂፍ ላይ በሚገኙ ፕሮሊን በተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ላይ የሃይድሮክሲል ምልክት ያኖራል። ቪኤችኤል የተባለው ሌላ ፕሮቲን ምልክቱን ለይቶ ሂፍን ይይዘዋል፤ ከዚያም ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ይለጠፍበትና ፕሮቲአሶም በሚባለው የሕዋሱ የፕሮቲን ማፍረሻ ውስጥ ይሰባበራል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይፈጸማል። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ኢንዛይሙ ምልክቱን ማኖር ይሳነዋል፤ ስለዚህ ሂፍ ሳይፈርስ ይከማቻል፣ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፣ ኤአርኤንቲ ከሚባለው አጣማሪው ጋር ሆኖ ዲኤንኤ ላይ በማረፍ ብዙ ጂኖችን ያሠራል። ከእነዚህ አንዱ የኤሪትሮፖየቲን ጂን ነው፤ ይህ በዋናነት ከኩላሊት የሚመነጭ ሆርሞን የአጥንት መቅኔ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲያመርት ያደርጋል።

ተማሪዎችዎ «ሕዋሱ መልሶ የሚያፈርሰውን ፕሮቲን ለምን ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁ፣ እናቶቻቸው ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍነው በረመጥ የሚያሳድሩት ለምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ኦክስጅን በድንገት ሲያንስ ፕሮቲኑን ከጂኑ ጀምሮ ለመሥራት ጊዜ የለም፤ ማፍረሱን ማቆም ብቻ ግን ወዲያውኑ የሚሆን ነገር ነው።

የዚህ ሥርዓት ግኝት የ2019ን የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለዊሊያም ኬሊን፣ ለፒተር ራትክሊፍና ለግሬግ ሴመንዛ አስገኝቷል። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ከተለያየ አቅጣጫ ተነሥተው መገናኘታቸው ነው። ሴመንዛና ራትክሊፍ የኤሪትሮፖየቲንን ጂን ሲከታተሉ፣ ኬሊን ግን የሚመራመሩት በዘር ስለሚተላለፍ አንድ የካንሰር በሽታ ነበር። የቪኤችኤል ጂናቸው የተበላሸ ሰዎች በደም ሥር የተሞሉ ዕጢዎች ያወጣሉ፤ ምክንያቱም ሂፍን የሚይዘው ፕሮቲን ስለሌለ ሕዋሶቹ ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ እንደ ተራቡ ሆነው ይሠራሉ። የሃይድሮክሲሉ ምልክት የተገለጠው በ2001 ሲሆን፣ የኬሊንም የራትክሊፍም ቡድን በዚያው ዓመት አሳተሙት።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ኦክስጅን የአየሩ 21 በመቶ መሆኑ ሳይለወጥ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሂሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከፍ ያለ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ትምህርትም የተመሠረተው በእነርሱና ወደ ተራራ በሚወጡ የቆላ ሰዎች ላይ ነው። የቲቤት ሰዎች ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ሂሞግሎቢናቸው እንደ አንዲሶቹ አይጨምርም። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መረመረ። አማካይ ሂሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሲሆን፣ የሂሞግሎቢናቸው የኦክስጅን ሙሌት፣ ማለትም ኦክስጅን የያዘው የሂሞግሎቢን ድርሻ፣ 95.3 በመቶ ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ቁጥር ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። ተመራማሪዎቹም ይህን ከአንዲሱና ከቲቤቱ የተለየ ሦስተኛ የመላመድ መልክ ብለው አቀረቡት።

መልስ 2፦ የላብራቶሪ ባለሙያ (ሰሜን ሸዋ)

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። እኔ በየቀኑ ከምሠራው ሥራ የሚነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል አልፎ የታካሚን ውጤት ይነካልና።

ደም ማነስ መኖሩን ስንወስን የምንጠቀምበት ወሰን ለከፍታ ይስተካከላል። ደጋ የሚኖር ሰው ሂሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ይላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ከተለካው ቁጥር ላይ ለከፍታው የሚሆን መጠን ይቀነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በነበረው ሰንጠረዥ የ3,000 ሜትር ቅናሽ 1.9 ግራም ነበር። በመሐል ሜዳ የምትኖር፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች አንዲት ሴት 13.5 ግራም ተለካች እንበል። ቁጥሩ እንዳለ ከተወሰደ ወሰኑ 12 ስለሆነ ጤነኛ ናት፤ ቅናሹ ከተደረገ ግን 11.6 ትሆንና ደም ማነስ አለባት ትባላለች። የእኛ ደገኞች ሂሞግሎቢን እንደ አንዲሶቹ የማይጨምር ከሆነ፣ ይህ ቅናሽ ያልታመመውን ታማሚ ሊያደርግ ይችላል። በተቃራኒው ቅናሹ ጨርሶ ቢተው እውነተኛ የብረት እጥረት ያለባት እናት ልትታለፍ ትችላለች። ድርጅቱ መመሪያውን በ2024 አሻሽሎ አውጥቷል፤ ለከፍታ ማስተካከሉ ግን እንደ ቀጠለ ነው።

በእኔ እምነት አጠራጣሪ ሲሆን ፌሪቲንን መለካት፣ ማለትም በሰውነት የተከማቸውን ብረት ማየት፣ በሂሞግሎቢን ቁጥር ብቻ ከመወሰን እጅግ ይሻላል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

መልስ 3፦ የዘረመል አንባቢ (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ሞላሌ)

መምህራችን በጥናት የተደገፈውን ብቻ ስላሉ፣ ስለ ጂኖቹ የማውቀውን ከነጥንቃቄው ላቅርብ።

በቲቤት በ2010 የታተሙ ጥናቶች ኢፓስ1 የተባለውን ጂን ለይተው አወጡ። ይህ ጂን ሂፍ-2 የሚባለውን የሂፍ ወንድም የሚሠራ ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ኤሪትሮፖየቲንን በዋናነት የሚያዝዘው እርሱ ነው። ከዚህም የሚገርመው፣ የቲቤቶቹ ልዩ ቅጂ ዴኒሶቫ ከሚባሉት ከጠፉት የጥንት ሰዎች የተወረሰ መሆኑ በ2014 መታወቁ ነው።

የኢትዮጵያው ግን በዚያ መንገድ አልሄደም። በ2012 በአማራና በኦሮሞ ደገኞችና ቆለኞች ላይ የታተመ ጥናት፣ በቲቤት ከሂሞግሎቢን ጋር የተያያዙት የጂን ልዩነቶች እዚህ ያን ሚና እንደሌላቸው አሳየ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ኤአርኤንቲ2ንና ቲኤችአርቢን የመሳሰሉ፣ ከሂፍ መንገድ ጋር የሚገናኙ ሌሎች ጂኖችን በዕጩነት አቀረበ። ዕጩ ማለት ግን ተረጋገጠ ማለት አይደለም። በዲኤንኤ ላይ የተፈጥሮ ምርጫ ፋና ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያ ለውጥ በሕዋሱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በሙከራ ማሳየት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የሚቀረውም ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ክሪስፐር የተባለው የጂን ማረሚያ መሣሪያ ከተገኘ ወዲህ አንድን የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ለውጦ ሕዋሱ ለኦክስጅን ማነስ የሚሰጠውን ምላሽ ማወዳደር ስለተቻለ፣ ይህ ሥራ እንደ ቀድሞው የማይደረስበት አይደለም።

መምህር በክፍል ሲያስተምሩ በብርቱ እንዲጠነቀቁ የምለምንዎ አንድ ነገር አለ። በ2012ቱ ጥናት በኦሮሞ ደገኞች ዘንድ ሂሞግሎቢን ከአማራ ደገኞች ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያገናኙት እያንዳንዱ ሕዝብ በደጋው ከኖረበት የዘመን ርዝመት ጋር ነው፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚል ትርጉም በፍጹም የለውም። ልጆች ሲሰሙት በተሳሳተ መንገድ እንዳይወስዱት ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳ አንድ ማስረጃም አለ፦ በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ይሰፍሩበት እንደነበር በ2019 ታትሟል። የኢትዮጵያ ደጋ ዛሬ ካለው የሕዝብ አከፋፈል ሁሉ በፊት ሰው የለመደው ቦታ ነው።

የመንዝ ልጆች የጓሳን ጭላዳ ስለሚያውቁት ስለ እርሱም ቢነግሯቸው ደስ ይላቸዋል። የጭላዳ ሙሉ ጂኖም በ2022 ታትሟል። በሂሞግሎቢኑ ውስጥ የራሱ የሆኑ ለውጦች ቢገኙም፣ ሲለካ ኦክስጅንን ከሌሎች ዝንጀሮዎች በተለየ አጥብቆ የሚይዝ ሆኖ አልተገኘም፤ ደረቱ ግን ሰፋ ያለ ነው። የዲኤንኤ ለውጥ መገኘቱ ብቻ ለመደምደም እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

መልስ 4፦ ፋርማሲስት (ደብረ ብርሃን)

ግኝቱ መድኃኒት መሆኑም ለተማሪዎች ይነገር። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ኤሪትሮፖየቲን ስለሚያንሰው ደም ያንሰዋል፤ ለብዙ ዓመታት የነበረው አማራጭ ሆርሞኑን በመርፌ መስጠት ነበር። አሁን ፒኤችዲ ኢንዛይሙን በመግታት ሂፍ እንዳይፈርስ የሚያደርጉ፣ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉ፦ ሮክሳዱስታት በ2018 በቻይና፣ ዳፕሮዱስታት በ2023 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። በተቃራኒው ቤልዙቲፋን የተባለው መድኃኒት ሂፍ-2ን የሚያግድ ሲሆን፣ ለቪኤችኤል በሽተኞች ዕጢ በ2021 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አንዱን መንገድ ለአንዱ ታማሚ መክፈት፣ ለሌላው መዝጋት የተቻለው አሠራሩ እስከ ፕሮሊኗ ድረስ ስለታወቀ ነው። ሂፍ እንዳይፈርስ የሚያደርጉት መድኃኒቶች የደም መርጋትን የመሰለ አደጋ ስላለባቸው ግን ያለ ሐኪም ክትትል የሚወሰዱ አይደሉም።

ጠያቂ፦ የመንዝ መምህር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጠበቅሁት በላይ አገኘሁ። አሁን ያሰብሁት፣ በጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የፈቃደኛ ተማሪዎችን ሙሌት ለክተን፣ ሸዋ ሮቢት ካለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክፍል ጋር ማወዳደር ነው። ይህ ትክክለኛ ነገር ያሳያል ወይስ ያሳስታል? በተለይ የላብራቶሪ ባለሙያዋን፣ እህቴን፣ መጠየቅ እፈልጋለሁ።

መልስ 5፦ የላብራቶሪ ባለሙያ (ሰሜን ሸዋ)

ወንድሜ መምህር፣ ለትምህርት መልካም ነው፤ ለመደምደሚያ ግን አይበቃም። መለኪያው የሚያሳየው ሙሌቱን እንጂ የሂሞግሎቢኑን መጠን ስላልሆነ፣ ተማሪዎ ደማችን የወፈረ ነው ወይ ላለችው መልስ አይሰጥም፤ ይህን ልዩነት ራሱን ማስተማሪያ ያድርጉት። መሣሪያው ራሱ እስከ 2 በመቶ ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ስለሚችል፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የአንድ ወይም የሁለት በመቶ ልዩነት ቢገኝ እንደ ግኝት አይቁጠሩት። የወላጆችን ፈቃድ ያስቀድሙ፤ የማንንም ልጅ ቁጥር በስሙ በሰሌዳ ላይ አይጻፉ። ዝቅተኛ ቁጥር ያሳየ ልጅ ካለ ደግሞ ለወላጆቹ ለብቻ ነግረው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።

ከሁሉ በላይ የመንዝን ብርድ አይርሱ። ጣት ሲቀዘቅዝ የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ መለኪያው ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ሸዋ ሮቢት ይህ ችግር ስለሌለ የሁለቱ ክፍሎች ልዩነት የከፍታ መስሎ የብርድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማለዳ አይለኩ፤ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ልጆቹ እጃቸውን አሽተው እንዲያሞቁ ያድርጉ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይረፉ፣ ቁጥሩም መዋዠቁን ሲያቆም ብቻ ይመዝግቡ።