የባለቤቴ የአያቱ አያት በግዞት መርከብ ነው የመጣው ይባላል፣ ከየት ልጀምር?

ማሚ ዘሜልበርን፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የዚሁ የአውስትራሊያ ሰው ነው። ልጃችን «የዘር ሐረግ ሠርተሽ አምጪ» ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች። በኔ በኩል እማዬ ጋ ደወልኩ፣ ቡና እየቆላች እስከ ሰባት ቤት ዘረገፈችልኝ። በሱ በኩል ግን የአያቱ አያት ላይ ስንደርስ ቀጥ አለ። የአማቴ ታላቅ እህት «ሥራ ፍለጋ በፈቃዱ የመጣ ጨዋ ሰው ነው» ይላሉ። አማቴ ደግሞ እሳቸው ወጣ እስኪሉ ጠብቀው «ሌባ ነበር፣ ከእንግሊዝ ታዝማኒያ በግዞት የተጣለ» አሉኝ። ስሙ እንደኛ አገር ከበደ ነው፣ የትም ሞልቷል። ምን ላድርግ?

ሆባርት ያለሁት፦
ስም ብቻ ይዘሽ አትግቢ፣ ትጠፊያለሽ። ግዞተኛ የሚለየው በመጣበት መርከብ ነው፤ መዝገቡ ላይ ስሙና መርከቡ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ከአማትሽ አባት የልደት ወረቀት ጀምረሽ ሰውየው እስካገባበት ዓመት ድረስ ወደኋላ ሂጂ። ፍርዱን ያልጨረሰ ግዞተኛ ለማግባት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፣ የፈቃዱ መዝገብ ላይ መርከቡ አለልሽ። የታዝማኒያ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ነው፣ የዋናውን ገጽ ፎቶ ሳይቀር ታያለሽ። በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1856 የደሴቷ ስም ቫን ዲመንስ ላንድ እንደነበር አትርሺ።

ጉዴ ፈላ፦
እኔ የባለቤቴን ቅድመ አያት እናት እንዲሁ አገኘኋት። አንድ ሻርፕ ሰርቃ 7 ዓመት! ገጹ ላይ ቁመቷ፣ የዓይኗ ቀለም፣ ክንዷ ላይ ያለው ንቅሳት ሁሉ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ የጥፋቷ ዝርዝር፦ ሰክራ ተገኘች፣ እመቤቷን ተሳደበች፣ ጨለማ ቤት በዳቦና በውኃ። ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ነው፣ አንዷን መስመር ለማንበብ ማታውን ፈጀሁ። እኛ ቤት ስለ ሰባተኛው አያቴ ከስሙ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የሷን ግን የቅንድቧን ቀለም ሳይቀር አውቃለሁ።

አንድ አስተያየት፦
አሮጊቷንም፣ የአማትሽን እህት፣ ቶሎ ውሸታም አትበሏቸው። ወደ ታዝማኒያ ግዞተኛ መላክ በ1853 ቆሟል። ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝ በቀጥታ እዚያ ከገባ እሳቸው ልክ ናቸው። ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ግን እስከ 1868 ተልኳል። ደግሞ ለንደን ከተፈረደበት የኦልድ ቤይሊ ችሎት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ምን እንደሰረቀና ምስክሮቹ ምን እንዳሉ ታነቢያለሽ።

ማሚ ዘሜልበርን፦
ተባረኩ። ግን አሮጊቷ እንዳያፍሩብኝ ፈራሁ።

ሆባርት ያለሁት፦
በሳቸው ዘመን ነውር ነበር፣ ደብቀው ነው ያደጉት። ዛሬ ግን ልጆቹ ይኩራሩበታል፤ ከ1788 ጀምሮ 160,000 ያህል ሰው ነው እንዲህ ወደ አውስትራሊያ የመጣው። ብቻ ለሳቸው ሳትነግሪ ትምህርት ቤት እንዳትልኪው።

ማሚ ዘሜልበርን፦
ማታ ገብቼ ፈለግኩ። በዚያው ስም ሦስት ሰው፣ በሦስት መርከብ! አንዱ በግ ሰርቆ ነው። እሁድ ምሳ ላይ የጋብቻውን ወረቀት እጠይቃለሁ፣ አሮጊቷም ይኖራሉ።