የማጠናው በስልክ፣ የሚያዘናጋኝም ስልክ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተና እወስዳለሁ። ጥናት አልጠላም፣ ፊዚክስማ እንዲያውም ነፍሴ ነው። "ስልክህን አጥፋ" የሚለውን ምክር ግን ጠግቤዋለሁ፤ መጻሕፍቱም ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችም ያሉኝ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ነው። ፕሪንት ላስደርግ ብል ዋጋው አይቀመስም። አንድ ጥያቄ ልሠራ ከፍቼ መልእክት ከላይ ብቅ ሲል ጣቴ ሳላዘው ይነካዋል፤ ከዚያ ቲክቶክ፣ ከዚያ እኩለ ሌሊት። እማዬ ደግሞ እያጠናሁ መስሏት ሻይ ይዛልኝ ትመጣለች። ዳታ አጥፍቼም ነበር፤ መልሼ የማበራው እኔው ነኝ።

በስልክ ብቻ አጥንታችሁ ያለፋችሁ፣ ራሳችሁን የገዛችሁት እንዴት ነው? ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ማጥናትስ ከማታው ይሻላል?