የማጥቢያ ክፍል ለማስፈቀድ የትምህርት ቤቱን ባለቤት በምን ላሳምን?

ሰላም እህት ወንድሞች፣ ጅማ የግል ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው፣ የሥርዓተ ፆታ ተጠሪ ተብዬ ተመርጫለሁ፣ እስካሁን ግን ሥራዬ ማርች 8 ሲመጣ ቡና ማፍላት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የተቀመጠውን ከወሊድ በፊት 30 በኋላ 90 ቀን ከነደሞዙ ይሰጣሉ፣ እሱ ላይ ጠብ የለንም፣ ጣጣው ሲመለሱ ነው። ከኛ ጋር የምታስተምር አንዷ በቀደም ጡቷ ሞልቶ ጋውኗን አርሶት ሽንት ቤት ገብታ ስታልብ ተማሪዎች በሩን ይደበድቡባታል፣ ወተቱን እዛው ደፍታው ወጣች። ስብሰባው ደሞ 11 ሰዓት ነው፣ በዝናብ ባጃጅ በማይገኝበት፣ ልጅ ያላት ስብሰባውን ጥላ ትሄዳለች፣ ከዛ ዩኒት ሊደር ሲመረጥ "እሷ ሰዓት የላትም" ይባላል።

ላይብረሪው ጀርባ የተሰበረ ዴስክ የሚከመርበት ክፍል አለ። እሱን ስጡን፣ መጋረጃና ቁልፉን እኛ እንችላለን፣ ስብሰባውም ምሳ ሰዓት ይሁን ብዬ ለዳይሬክተሩ በደብዳቤ ጠየቅኩ። እሱ ስታፍ ስብሰባ ላይ አነሳውና ወንዶቹ "ለኛስ ምን ታስቦ ነው" ብለው ሳቁ፣ ለአባት በአዋጁ የተፈቀደውን 3 ቀን እንኳ የወሰደ አላየሁም እኮ። ባለቤቱ ጋር ስገባ ደሞ "ሕጉ ክፍል አዘጋጅ ብሎ አያስገድደኝም" አለኝ፣ በቃ። ሴቶቹ አብረውኝ ናቸው ግን ኮንትራታቸው በየዓመቱ ስለሚታደስ ፊርማ ይፈራሉ።

በግል ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ያስፈቀዳችሁ ካላችሁ፣ ባለቤቱን በምን አሳመናችሁት?