የግቢያችን የኢንተርኔት ጥያቄ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊው (ብሎክ 9)
ሰላም ጎረቤቶች። እሁድ ስብሰባ ላይ እንደተስማማነው በየቤታችን ከምናማርር በማህበሩ ማህተም ለኢንተርኔት አቅራቢው አንድ ደብዳቤ እናስገባለን። ግን ደብዳቤው «ኔት አስቸገረን» ብሎ ብቻ ከሄደ መልስ አናገኝም። ምን ዓይነት መስመር እንደፈለግን፣ ለምን እንደፈለግን በቁጥር መጻፍ አለብን። የእኔ ሐሳብ በየብሎኩ ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ) ይግባልን ነው። የማይስማማ ካለ አሁኑኑ ይናገር፤ ደብዳቤው ከወጣ በኋላ አይጠቅመንም።

ብሎክ 3፣ 4ኛ ፎቅ
እኔ አልስማማም። የ4ጂ ራውተር አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት 40 ሜጋ ይሰጠኛል። ቁፋሮ የለ፣ ገመድ የለ፤ ሲሙን ከትቶ መሰካት ብቻ ነው። ለፋይበር ስንት ወር ልንጠብቅ ነው?

ጸሐፊው
ወንድሜ፣ ጠዋቱ እውነት ነው። እስቲ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለካው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 150 ሜጋ ታወሩ ላይ አንተ ብቻ ብትሆን፣ ሲግናሉም ሙሉ ቢሆን የሚገኝ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ሲገባ ግን ያንኑ ታወር ነው የሚካፈለው።

ብሎክ 3፣ 4ኛ ፎቅ
ለሁለት ምሽት ለካሁ። 2 ሰዓት ከሩብ ላይ 6 ሜጋ፣ 3 ሰዓት ላይ 4፣ እኩለ ሌሊት ላይ እንደገና 35። አንድ ነገር ልጨምር፤ ራውተሩን ከኮሪደር አንስቼ መስኮት ላይ ሳስቀምጠው ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። እስከዚያው የምትጠቀሙ ሰዎች ይህችን ሞክሯት። ለደብዳቤው ግን ተስማምቻለሁ፣ ፋይበር ይባል።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት
ልጆቼ፣ እኔ ጋ ያለው የድሮው የስልክ መስመር ነው። ደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍታችሁ እዩት። ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል፣ መጋጠሚያው በፌስታል ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይቆረጣል። ልጄ ሥራዋን ከቤት ነው የምትልከው፤ አንድ ፋይል ለመላክ ቡና አፍልቼ፣ ሦስተኛው ተጠጥቶ፣ ሲኒው ታጥቦም አያልቅላትም።

ጸሐፊው
እትዬ፣ ይሄ ደብዳቤው ውስጥ መግባት አለበት። ሁላችንም የምናወራው ስለ ዳውንሎድ (ማውረድ) ነው፣ የልጅዎ ችግር ግን አፕሎድ (መላክ) ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ጥሩ በሚባለው ዓይነት እስከ 24 ሜጋ ያወርዳል፣ ሲልክ ግን ከ1 ሜጋ ብዙም አያልፍም። 24 ሜጋውም መስመሩ ለሚነሳበት የስልክ ጣቢያ ቅርብ ለሆነ ሰው ነው፤ 3 ኪሎ ሜትር ከራቅን ግማሹም አይደርሰንም። መጋጠሚያው ከዛገ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ብሎክ 6፣ 2ኛ ፎቅ
ሥራዬ ኔትወርክ ነው፣ ስሌቱን ላግዛችሁ። በመጀመሪያ ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይት አይምታታባችሁ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሰከንድ በሚያልፈው ቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በባይት፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። 300 ሜጋ ባይት ፋይል በ0.8 ሜጋ ቢት አፕሎድ ሲላክ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ20 ሜጋ ቢት 2 ደቂቃ።
ፋይበርም ቢሆን የጋራ ነው፣ ይሄን እወቁት። ለቤቶች በብዛት የሚዘረጋው ጂፖን ይባላል፤ አንዱ መስመር ወደ 2.5 ጊጋ (1 ጊጋ 1000 ሜጋ ነው) ያወርዳል፣ 1.25 ጊጋ ይልካል፣ ብዙ ጊዜም ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። 32ቱም በአንዴ ቢጎትቱ እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 77 ሜጋ ይደርሰዋል። ለ64 ከተከፈለ ግማሹ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ለስንት ቤት ነው የሚከፈለው?» ብለን እንጠይቅ። ደግሞ መሃል ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለውም። መብራት ሲጠፋ የቤታችሁን ሞደም በትንሽ ባትሪ ካቆማችሁት ጣቢያው እስከሠራ ድረስ ኔታችሁ ይቀጥላል።

ብሎክ 11፣ 1ኛ ፎቅ
ጡረተኛ ነኝ። ለዜናና ለልጆቼ ቪዲዮ ጥሪ 100 ሜጋ ምን ያደርግልኛል? ወጪው በሁላችን ላይ እኩል እንዳይጫን እሰጋለሁ።

ጸሐፊው
ጋሼ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ለጥሪው 5 ሜጋ ካልተቆራረጠ ይበቃዎታል። ረቂቁን እንዲህ አስተካከልኩት፦ «መስመሩ እስከ እያንዳንዱ ፎቅ ይዘርጋ፣ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ግን የፈለገ ነዋሪ ብቻ ይሁን፣ ክፍያውም እያንዳንዱ በመረጠው ፓኬጅ ይሁን።» ለማይፈልግ ሰው ምንም ወጪ አይኖርም። ማህበሩ የሚሸፍነው ገመዱ የሚያልፍበትን ቱቦ ፈቃድና የጥበቃውን ትብብር ነው።
አሁን የቀረን ልኬት ነው። ሁላችሁም ጠዋት 3 ሰዓት እና ማታ 2 ሰዓት ላይ ለሦስት ቀን ለኩ። ላፕቶፕ ያላችሁ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት፤ ሁለት ግድግዳ ያለፈ ዋይፋይ ብትለኩ የግድግዳውን ችግር ነው የምትጽፉልኝ። ዳውንሎድ፣ አፕሎድ፣ ፒንግ (መልስ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ)፣ የመስመሩ ዓይነት፣ የብሎክ ቁጥር። እስከ ዓርብ ላኩልኝ።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት
የሳጥኑን ፎቶ ልጄ አንስታዋለች፣ ደብዳቤው ላይ አያይዙት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ማየት የፈለገ ያንኳኳ።