በቀን 120 ቶን የቤት ቆሻሻ፦ ይቃጠል ወይስ ይለይ?

ፅዱ ከተማ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የክልል ከተማ የደረቅ ቆሻሻ ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው። በቀን 120 ቶን ያህል ይሰበሰባል፤ አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ አመድና አፈር ነው። እንደ አዲስ አበባው ረጲ ማመንጫ አቃጥሎ መብራት ማውጣት ይሻላል ወይስ ኮምፖስት? ፌስታልን ወደ ነዳጅ የሚቀይር ማሽን እናቅርብ የሚሉም አሉ።

ቦይለር፦
ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት ቆሻሻው ራሱን ችሎ ይነድ እንደሆነ ለኩ። ከየሰፈሩ ገንዳ 100 ኪሎ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ አደባልቁ፤ ለአራት ከፍላችሁ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን አውጡ፤ 25 ኪሎ እስኪቀር ድገሙት። ናሙናው በ105 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይድረቅ፤ የጎደለው ውሃ ነው። የደረቀው በ550 ዲግሪ ሲቃጠል የሚቀረው አመድ ነው። ይህን ለሰባት ተከታታይ ቀን፣ አንዴ በበጋ አንዴ በክረምት አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ክዳን የሌለው ገንዳ ዝናብ ይጠጣል፤ የበቆሎ እሸት ሽፋንና ቆረቆንዳም ይበዛል።

ለምሳሌ ውሃው 55፣ አመዱ 20 በመቶ ቢሆን የሚነደው 25 በመቶ ብቻ ነው። የሚነደው በኪሎ 20 ሜጋጁል (የሙቀት መለኪያ) ቢሰጥ ከአንድ ኪሎ ጠቅላላ ቆሻሻ 5 ሜጋጁል ይገኛል፤ ውሃውን ለማትነን 1.3 ይሄዳል፤ 3.7 ይተርፋል። የዓለም ባንክ መመሪያ ለማቃጠል በኪሎ በአማካይ 7 ሜጋጁል፣ በየትኛውም ወቅት ከ6 ያላነሰ ይላል። ከዚያ ሲያንስ ምድጃው በናፍጣ እየተደገፈ ይነድዳል፤ ሙቀቱ ከ850 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ዳዮክሲን የተባለ መርዛማ ኬሚካል ይወጣል። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው ረጲ የታሰበው በቀን ለ1,400 ቶን ነው። የእናንተ 120 ቶን በዚህ እርጥበቱ፣ 20 በመቶው ወደ መብራት ቢቀየር እንኳ፣ የሚሰጠው 1 ሜጋዋት ገደማ ነው። እኔ አልመክርም።

ብስባሽ፦
እስማማለሁ። ግን ከየቤቱ በተደባለቀው አትጀምሩ፤ ከአትክልት ተራና ከሆቴሎች ጀምሩ። የተደባለቀው ኮምፖስት ውስጥ የጠርሙስ ስባሪና ባትሪ ይገባል፤ ገበሬ አንዴ እጁን ከቆረጠው ዳግም አይገዛም። ክምሩ 1.5 ሜትር ከፍታ፣ 3 ሜትር ስፋት ይሁን። የአትክልት ቆሻሻ ብቻውን ይላቁጥና አየር ያጣል፣ ይሸታል፤ የተከተፈ የጫት ገረባ ወይም ሰጋቱራ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት። በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ለ15 ቀን ከ55 ዲግሪ ሳይወርድ ቢያንስ አምስት ጊዜ ይገላበጥ፤ የበሽታ ተህዋስና የአረም ዘር የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ያዘንብል፣ ላዩ በክረምት ይከደን።

ፅዱ ከተማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባዮጋዝስ? የፌስታሉስ ነገር?

ጋዝ ቤት፦
ባዮጋዝ ትልቅ ወጥ ቤት አጠገብ ያዋጣል። አንድ ቶን የምግብ ትርፍራፊ 100 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይሰጣል፤ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሂድ፣ ጀነሬተር አትግዙ። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ አይግባ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6.8 ሲወርድ መመገቡን አቁሙ፤ አለዚያ አሲዱ ጋዝ ሰሪዎቹን ተህዋሳት ይገድላቸዋል።

የፌስታሉን ማሽን ተዉት። አፈርና እርጥበት የያዘ ላስቲክ ሲጋገር ዘይቱ ይበላሻል፤ ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) ከተደባለቀም የሚወጣው አሲድ ብረቱን ይበላዋል። ሃይላንዱን፣ ጀሪካኑን፣ ካርቶኑንና ቆርቆሮውን ቆራሌውና የፅዳት ማህበራቱ አሁንም ይለዩታል። ለእነሱ ጥላ ያለው መለያ ቦታ፣ ሚዛንና አምቆ የሚያስር ማሽን ስጧቸው፤ ሃይላንድ ሳይታመቅ መኪናው የሚጭነው አየር ነው።